ያልታጠበው ሶፋ

ያልሠራውን ሥራ «ሠርቻለሁ» የሚል ሰው፣ ውሎ አድሮ በእውነት የሠራውን እንኳ የሚያምንለት ያጣል። ይህን ቃል ሲሰማ ራሱን የማይነቀንቅ የለም፤ ነቅንቆ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ገብቶ ያንኑ የማያደርግ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ምክሩን ብቻ ጥሎ ከመሄድ፣ አንዲት መጽሐፍ ጠራዥ፣ ባሏና ዓይናቸው የደከመ አባቷ በአንድ አሮጌ የቆዳ ሶፋ ምክንያት ያሳለፉትን ሦስት ሳምንት መተረክ ይሻላል።

ጠራዥዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት የጓሮ ክፍል ተቀምጣ ስትሰፋ፣ ስትለጥፍና ቆዳ ስታለብስ የኖረች ሴት ናት። ቆዳን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ዛሬ ዓይናቸው ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፍም፤ ጣታቸው ግን እንደ ዱሮው ነው። የጨርቅ ቁልል ቢያቀርቡላቸው የትኛው እንደ ታጠበ፣ የትኛው ሳይታጠብ እንደ ታጠፈ ዳስሰው ይናገራሉ።

ባሏ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የክትትል ክፍል ሠላሳ ሁለት ዓመት ሪፖርት ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የሪፖርቶቹ ሁሉ የመጨረሻ መስመር አንድ ስለ ነበረ የሥራ ባልደረቦቹ «ተከናውኗል» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ከጡረታ ደብዳቤው ጋር አብሮት ወደ ሰፈር መጣ። «የአጥሩ ቀለም ቅብ በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል» ብሎ በፈረመበት ዕለት አጥሩ ከወደቀ ሳምንት ሆኖት እንደ ነበር የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ማለት ወረቀት ላይ የሰፈረው ነው ብሎ በቅን ልቡ ያምን ነበር እንጂ፤ እንዲህ ያለው እምነት ደግሞ ከክፋት ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል።

አዛውንቱ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጣሪያቸው ያፈስሳል። በዚያ ላይ ሐኪማቸው «የዘንድሮን ክረምት ብቻዎን እንዲያሳልፉ አልፈቅድም፤ ሳንባዎ አይችልም» ብሎ በቁርጥ ነግሯቸዋል። ልጃቸው ሁለት ዓመት ለምናቸው እምቢ ካሉ በኋላ፣ አንድ ቀን ምድጃ ያጠፉ መስሏቸው እጅጌያቸውን ሲለበልባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ።

«እመጣለሁ» አሏት። «ግን እሷም ትመጣለች።»

«ማን?»

«ሶፋዬ።»

«አባባ፣ ሶፋማ እኛ ቤት ሞልቷል።»

«የእናንተን አውቀዋለሁ። እንደ ባለሥልጣን ቢሮ ነው፤ ጉዳይህን ጨርሰህ ውጣ፣ ውጣ ይላል። ከቤቴ ወጥቼ የሰው ቤት ስገባ አንድ የማውቀው ነገር ከወገቤ ሥር ይኑር። ግን እንዲህ ሆና አትሄድም፤ ታማለች። ወስዳችሁ በደንብ አክሟት። ስትድን መጥቼ እዳስሳታለሁ፤ የዳነች እንደ ሆነ እዚያው እቀመጣለሁ።»

ሶፋዋ ባለ አንድ ሰው ስትሆን ከአርባ ዓመት በፊት ከኮርቻ በተረፈ ወፍራም ቆዳ አዛውንቱ ራሳቸው የሠሯት ነበረች። ራስ የሚያርፍበት ቦታ በፀጉር ቅባት ጠቁሯል፤ ክንዶቿ ከመዳፍ ላብ የተነሣ እንደ ድስት ቂጥ ያብለጨልጫሉ። መቀመጫው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ በግራ በኩል ያለው ስፌትም አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሯል። ጠራዥዋ ሶፋዋ በመጣችበት ማታ ዙሪያዋን እየዳሰሰች የሚያስፈልገውን ሁሉ በልቧ መዘነች። አሮጌ አንሶላ ቀድዳ ዐሥራ ሁለት ነጭ ጨርቅ አዘጋጀች፤ አጥፋም በጥራዝ ክር አሰረቻቸው። ሌላ የምትሻው ነገር አልነበረም፤ ዝናቡ ሳይጠና አባቷ ከእሷ ጣሪያ ሥር እንዲገቡላት ብቻ ነበር የምትሻው።

በማግሥቱ ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ ወደቀች። ቀኝ አንጓዋ ተሰብሮ እስከ ክርኗ ድረስ ጄሶ አሰሩላት፤ ስድስት ሳምንት እንዳትነካው አዘዟት።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለ ባሏ፣ ከሐኪም ቤት ይዟት ሲመለስ። «እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ? ንገሪኝና ልጻፈው።»

«መጻፉን ተወውና ልንገርህ።»

«ያልተጻፈ ሥራ አይሠራም፣ እመቤት።»

ነገረችው። በመጀመሪያ እጥበት ነው፦ በውኃ ሳይሆን በሳሙና አረፋ፣ በለስላሳ ብሩሽ ፈትጎ በነጭ ጨርቅ መጥረግ፤ አንድ ቀን ማሳደር፤ እንደገና ማጠብ፤ ሦስተኛም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። የራስጌውንና የክንዶቹን ቅባት ደግሞ በአልኮል መጥረግ። ከዚያ በኋላ ስፌቱን መድገም፣ ስንጥቁን በቆዳ መሙያ በስሱ እየደራረቡ መሙላት፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቀለሙን በስፖንጅ አራት ጊዜ በስሱ መቀባት፣ በየመካከሉ ማድረቅ፣ በመጨረሻም ቀለሙን ከመፋቅ የሚጠብቅ መከላከያ ቅብ ማልበስ። ስትቆጥረው ስምንት ሆነ።

«ስማኝ» አለችው። «ቅባት የጠጣ ቆዳ ቀለም አይቀበልም። ሰባቱ ሥራ የሚቆመው በአንደኛው ጀርባ ላይ ነው። ሌላው ቢበላሽ ይታረማል፤ እጥበቱ ከተዘለለ ግን ውኃ ወቀጣ ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል። ሪፖርቱን በየስንት ቀኑ ላቅርብልሽ?»

«ሪፖርት አይደለም የምፈልገው። ሶፋ ነው።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሠንጠረዥ ሲያሰምር ዋለ። የተራ ቁጥር፣ የሥራው ዝርዝር፣ የተጀመረበት ቀን፣ የተጠናቀቀበት ቀን፣ ፈጻሚ፣ ያረጋገጠው፣ ምርመራ። ሦስት ጊዜ ቀድዶ ሦስት ጊዜ አሰመረ፤ መስመሩ ሲወላገድ የሚያንገበግበውን ያህል ሌላ ነገር አንገብግቦት አያውቅም። ሲጨርስ ሶፋዋን ወዳስገባበት የጓሮ ክፍል ወስዶ በሩ ላይ ለጠፈው። ጠራዥዋ ከሥራ ስትመለስ ኮቷን እንደ ለበሰች ቆማ አነበበችው። ክንዷ ተሰብሮ ሥራ የማትቀርበት ምክንያት፣ ወጣቶቹ ጠራዦች ያለ እሷ ዓይን መጽሐፍ በግልባጩ ስለሚያለብሱ ነበር።

«ያረጋገጠው የሚለው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ፈጻሚውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ሁለት ቦታ መፈረም ምን ያደርጋል?»

«አሠራር ነው» አለ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለስልሶ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ በር ተዘጋ። «አቧራ ይገባል» አለ። እሷም አቧራ የቆዳ ቀለም ጠላት መሆኑን ስለምታውቅ ነገሩ ልክ መሰላት። ማታ ማታ ስትጠይቀው ጋዜጣውን ዝቅ ሳያደርግ ይመልሳል።

«የት ደረሰ?»

«ተራ ቁጥር አንድ፣ ሁለተኛ ዙር።»

«ጨርቁ ምን ይመስላል?»

«ጨርቅ ይመስላል።»

«ጠቁሯል ወይ ማለቴ ነው።»

«ምርመራ የሚለው ዓምድ ላይ ሰፍሯል። አንብቢ እንጂ፤ የተማርሽ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

ሄዳ ታነብባለች። «አጥጋቢ» ይላል። የሚቀጥለው ቀን «በጣም አጥጋቢ» ይላል። በሦስተኛው ቀን «እጅግ አጥጋቢ» የሚል ሰፍሮ ሁለት ፊርማ ጎን ለጎን ቆሞ ነበር። ፊርማዎቹ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። በአንድ እጇ ወደ ማብሰል ትመለሳለች፤ ሽንኩርቱን በጄሶዋ ተጭና በግራዋ ስትከትፍ፣ ሽንኩርቱ እየተንሸራተተ ወለል ላይ ሲንከባለል፣ ከዚያ ማዶ የጋዜጣ ገጽ ሲገለበጥ ይሰማታል።

እውነቱን ለመናገር አንድ ሥራ ሠርቷል። በሁለተኛው ሳምንት የተተረተረውን ስፌት ሊደግም ተቀምጦ፣ እሷ ባሳየችው መንገድ ሰም የጠጣ ክር በሁለት መርፌ እያመሳቀለ ሦስት ቀን በጉልበቱ ተንበርክኮ ሰፋ። ጣቶቹ በመርፌ ተወጋግተው ሲመጣ አይታለች። ይህንን ሥራ ለምን በእውነት እንደ ሠራው ተጠይቆ አያውቅም። ምናልባት ስፌት መስመር ስለ ሆነ ይሆናል።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ የጣቶቿን እብጠት ልታይላት መጣች። ጎረቤቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ አፍንጫዋን የምታስገባ ሴት። ጣቶቹን አገላብጣ ካየች በኋላ ወደ ጓሮ ክፍል በር ሄዳ መነጽሯን አደረገች።

«ይህ ሶፋ ከእኔ የሕክምና ካርድ የተሻለ ተመዝግቧል» አለች። «ወንድሜ ተከናውኗል፣ እኔ ስሞት የሞት ወረቀቴን አንተ ጻፍልኝ። አጥጋቢ በልልኝ።»

«እጅግ አጥጋቢ እልልሻለሁ» አለ ባል፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

ነርሷ በሩ ሥር ባለው ክፍተት ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ሦስት ጊዜ ታጥቧል አላችሁኝ?»

«ሦስት ጊዜ። ፊርማውን እያየሽ።»

«ፊርማው አይሸትም፣ ወንድሜ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታጠበ ክፍል ውስጥ ኖሬአለሁ። የታጠበ ነገር ያለበት ክፍል ሳሙና ሳሙና ይላል። ይህ የሚሸተው ተቆልፎ የከረመ ቁም ሣጥን ነው።»

«መስኮት ከፍቼ ነዋ።»

«እንዲያ ከሆነ መስኮቱም ይፈረምበት» ብላ ሄደች።

ጠራዥዋ ይህን ሰማች፤ ነገሩም እንደ እሾህ ልቧ ውስጥ ተሰካ። በዚያው ቀን በሩን መክፈት ትችል ነበር። አልከፈተችም። አብሮ የኖረን ሰው በር በርግዶ መፈተሽ ከውርደት ቈጥራው ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ይሉኝታ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ግን ዕድሜዋ ሊያስተምራት ይገባ ነበር።

አባቷ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባልዲ ስትፈልግ እጇ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። አወጣችው። አሥራ አንዱ ነጭ ጨርቆች እንዳጠፈቻቸው፣ እንዳሰረቻቸው ነበሩ። ቋጠሮው ሳይፈታ ከእስሩ የተመዘዘው አሥራ ሁለተኛው ከጎን ተሸጉጦ ነበር፤ ከወደ ጫፉ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ የቀረው ንጹሕ።

ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ሳሎን ገባች።

«ይህ ምንድን ነው?»

ባሏ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «ጨርቅ ነው። አጥቤ፣ አድርቄ አስቀመጥኳቸው።»

«አጠብካቸው።»

«አዎ።»

«አጥፈህም አሰርካቸው።»

«ታዲያ በትኜ ልተዋቸው? ንጽሕና አልወድም እንዴ?»

«ይህን ቋጠሮ ተመልከተው» አለችና አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። «ይህ የጠራዥ ቋጠሮ ነው። በዚህ ቤት የማስረው እኔ ብቻ ነኝ። ያሰርኩት ከመሰበሬ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ እጄ ክር አልጨበጠም። እስቲ አንተ ፈትተህ መልሰህ እሰረው፤ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ባል ቋጠሮውን አየው። ጋዜጣውንም አየው። ከሁለቱም የሚረዳው አላገኘም።

«ጀምሬው ነበር» አለ በመጨረሻ። «የአንዱን ክንድ ዳር ፈተግኩት። ጨርቁ ከሰል ሆኖ ወጣ። ወገቤም ተያዘ። እንዲህ ከጠቆረ መቼም አያልቅም፣ አርባ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በሦስት ሳምንት አይለቅም ብዬ ወደ ሚቀጥለው ተራ ቁጥር አለፍኩ። ላይ ላዩን ግን ጠርጌዋለሁ። ደግሞ አትንጨርጨሪ፤ መጥተሽ እዪው።»

በሩን ከፈተው። ሶፋዋ በመስኮቱ ብርሃን መካከል ቆማለች፤ አንድ ወጥ፣ ጥልቅ፣ የተወለወለ ቡናማ። ጠራዥዋ ሳታስበው ልቧ ዘለለ፤ እንዲህ አምራ ካየቻት ብዙ ዘመኗ ነው። ግራ እጇን መቀመጫው ላይ አሳረፈች። ስንጥቁ ደህና ተሞልቷል። ስፌቱ ቀጥ ብሏል። ከዚያ እጇን ወደ ክንዱ አሳለፈችው፤ መዳፏ ተጣበቀ። ስታነሣው ጥዝዝ አለና ለቀቀ።

«አልደረቀም።»

«ይደርቃል። አዲስ ቀለም ነው።»

«አራቱን ቀለም መቼ ቀባኸው?»

«ትናንት።»

«አራቱንም?»

«አንድ ላይ ወፈር አድርጌ። ምን ልዩነት አለው? አራት ቀጭን አንድ ወፍራም ነው፤ ሒሳብ ነው።»

ከእሱ ጋር መነጋገሩን ትታ ወደ ስልኩ ሄደች። ሐሳቧ ቀላልና ልክ ነበር፦ ለአባቷ እውነቱን ነግራ አንድ ሳምንት ብቻ እንዲታገሷት፣ በዚያ ጊዜ እሷና ባሏ ቀለሙን ልጠው ከሥሩ እንዲያጥቡት። በግራ እጇ ቁጥሩን ስትነካ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በሦስተኛው አባቷ አነሡ።

«አባባ፣ ስለ ሶፋዋ ነበር። ገና...»

ባል ስልኩን ከእጇ ላይ በቀስታ፣ ትሕትና በሚመስል ሁኔታ ወሰደው።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? እንኳን ደስ አለዎት፤ ሁሉም ተከናውኗል። እሑድ በጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ።» ጥቂት አዳመጠ። «በደንብ ነው የታጠበችው። ሦስት ጊዜ። በራሴ እጅ።» እንደገና አዳመጠ። «ኧረ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል፣ ልጅዎ አይደለሁም እንዴ።»

ስልኩን ዘጋው። ጠራዥዋ ባለችበት ቆማ ነበር።

«የማያይ ሰው ነው የዋሸኸው» አለችው።

«ታዲያ ማየት ለማይችል ሰው ምን ልዩነት አለው?» አለ ባል። «እሳቸው መቀመጥ ነው የሚፈልጉት። ይቀመጣሉ። አንቺ አባቴ ይምጡልኝ አልሽ፤ ይመጣሉ። ሥራው ግቡን መትቷል ማለት ይኸ ነው።»

መልሳ መደወል ነበረባት። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠችው። ባሏን በአባቷ ፊት ውሸታም ማድረግ አፈረች፤ ደግሞም ምናልባት ቀለሙ አንድ ክረምት ይይዝ ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። ቆዳ የምታውቅ ሴት ይህን ማሰቧ ከባሏ ቀለም የባሰ ሽፋን ነበር። ይህ የእሷ ጥፋት ነው፤ ሊሸሸግ አይገባም።

እሑድ አዛውንቱ መጡ። የተተኮሰ ፈዛዛ ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥለው ነበር። ሻንጣዋን ልጃቸው ስትቀበላቸው ከባድ ሆና አገኘቻት፤ ለአንድ ክረምት ሳይሆን ለዘለቄታው የተሸከፈች ሻንጣ ነበረች። ነርሷም እንግዳ መጥቷል ብላ ከማዶ ተሻግራ መጥታለች። ሶፋዋ በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች።

«የት አለች?» አሉ አዛውንቱ።

ባል ክርናቸውን ይዞ መራቸው። «ይኸው አባባ። እንደ ሙሽራ ሆና ነው የምትጠብቅዎት።»

«ሙሽራ በዚህ ዕድሜዬ ምን ትሠራልኛለች?» አሉና ሳቁ። ዞረው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወደ ኋላ ተደገፉ፤ ራሳቸውን ራስጌው ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እፎይ። መቀመጫው ደህና ነው። አይቆረቁርም።» በግራ እጃቸው ስፌቱን ተከተሉት፤ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ሄዶ ተመለሰ። «ጎሽ። ይህ ስፌት ነው።»

ባል ወደ ሚስቱ ዞሮ አገጩን ቀና አደረገ።

ከዚያ ቀኝ እጃቸው ክንዱ ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ። ጣቶቻቸው ተሰበሰቡ፣ ተዘረጉ። መዳፋቸውን አንሥተው አሸተቱት። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማን ነው ያጠባት?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ስንት ጊዜ?»

ጠራዥዋ አፏን ከፈተች፤ ባሏ ቀደማት። «ሦስት ጊዜ።»

«ልጄ፣ እኔ አላይም» አሉ አዛውንቱ፣ ያለ ቁጣ። «ሰው ይሳሳታል፤ ሥራ ይሰለቻል። አንድ ጊዜ ነው፣ ወይም ጭራሽ አላጠብኩም ብትለኝ ለሁለት ሆነን ነገ እናጥባታለን፤ እጅህን ይዤ አሳይሃለሁ። ስንት ጊዜ ነው ያጠብካት?»

እዚህ ላይ ወደ መዳን የሚያደርሰው መንገድ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«ሦስት ጊዜ፣ አባባ» አለ ተከናውኗል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ፊርማም አለው።»

አዛውንቱ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በክንዱ ጠርዝ ላይ አስገብተው ወደ ላይ ሳቡ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተያይዞ ተነሣ፤ አንድ ክንድ የሚያህል ቡናማ ገለፈት እጃቸው ላይ ተንጠለጠለ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነበር፤ አርባ ዓመት ሲያብለጨልጭ እንደ ነበረው።

«ይኸው ላቤ» አሉ። «አውቀዋለሁ፣ የቆየ ወዳጄ ነው። አንተ ልብስ አለበስከው እንጂ አላጠብከውም።»

ሲነሡ ሶፋዋ በቀላሉ አልለቀቀቻቸውም። ድምፅ አሰምታ ስትለቅቅ የግራጫው ኮት ጀርባ በቡናማ ተለቅልቆ ነበር፤ በራ ራሳቸው ላይም የሳህን ክዳን የሚያህል ክብ ቀለም ታትሞ ነበር። ነርሷ አፏን በሻርፗ ጥቅልል አድርጋ ያዘች።

«ምንድን ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ማኅተም ነው፣ አባቴ» አለች ነርሷ። «ፊርማማ ነበረው፤ የጎደለው ይኸ ብቻ ነበር።»

ጠራዥዋ አልሳቀችም። አልኮሉን አምጥታ፣ ከነጭ ጨርቆቹ አንዱን ፈትታ የአባቷን ራስ በግራ እጇ ትጠርግ ጀመር። ጨርቁ ጠቆረ። እሳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አስጠረጉ፤ ከዚያ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሻንጣዬን መልሺልኝ።»

«አባባ፣ ሶፋዋን እኮ እናስተካክላታለን። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

«የሶፋ ነገር አይደለም። ቆዳ ይላጣል፣ ይታጠባል፣ ይድናል። ነገሩ ሌላ ነው። እኔ የማየው በሰው አፍ ነው። እዚህ ቤት ስኖር መድኃኒቴን ዋጥኩ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ባልሽ ውጠዋል ይለኛል። ምድጃው ጠፍቷል ወይ እላለሁ፤ ጠፍቷል ይለኛል። ደረጃው ላይ የቆመ ነገር አለ ወይ እላለሁ፤ የለም ይለኛል፤ ምናልባትም ይፈርምልኛል። ከሚያፈስስ ጣሪያ ሥር ብሆን ጠብታው የት እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ግን የቱ እውነት እንደ ሆነ አላውቅም።»

ባል ፊቱ ቀላ። «ያን ያህል ምን አደረግኩ? ሌላውን ሁሉ ሠርቻለሁ። አሁን ጎሽ ያሉትን ስፌት እኔ ነኝ የሰፋሁት። ሦስት ቀን ተንበርክኬ።»

አዛውንቱ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ይህንንማ የሰፋችው ልጄ ናት» አሉ። «በግራ እጇም ቢሆን።»

«እኔ ነኝ እላለሁ። ጠይቋት። አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ጠራዥዋ ነገረቻቸው። «እሱ ነው አባባ። ይህስ እውነት ነው።»

አዛውንቱ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «ባል ነው፤ ትሸፍኝለታለሽ። አልፈርድብሽም» አሉ። እውነቱ በሁለት አፍ ቢመሰከርም ቦታ አላገኘም።

ጠራዥዋ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በአንድ እጇ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ሞላች። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ «የት ልትሄጂ ነው?» አላት።

«ከአባቴ ጋር። ሐኪሙ ብቻቸውን አይሁኑ ብሏል።»

«እኔስ?»

«አንተማ ሁሉን ታከናውናለህ» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሲንተከተክ የከረመው ነገር ሁሉ በርዶ ነበር። «ከሥር ጀምረህ ላጣት፤ እጠባት። የማውቀው ይኸን ብቻ ነው።»

አባትና ልጅ በዚያው ዕለት ሄዱ። ነርሷ እስከ ታክሲው ድረስ ሻንጣዎቹን ያዘችላቸው፤ የሚያፈስሰውንም ጣሪያ በዚያው ሳምንት ቆርቆሮ ሠሪ ልካ አስደፈነችላቸው። ጠራዥዋ ክረምቱን ሙሉ በአባቷ ቤት አሳለፈች። ጄሶዋም እዚያ ሳለች ተፈታ። ወደ ባሏ አልተመለሰችም።

ሰውየው ብቻውን ቀረ። ለራሱ አበሰለ፤ ለራሱ አጠበ፤ የሚያናግረው አልነበረም። ነርሷ በመንገድ ስታገኘው ሰላምታ ትሰጠዋለች እንጂ ቤቱ አትገባም። በሁለተኛው ወር ሶፋዋን መላጥ ጀመረ። ቀለሙን ልጦ ለመጨረስ ዐሥራ ስምንት ቀን ፈጀበት፤ ከዚያ በሳሙና አረፋ አጠባት፤ አሳደራት፤ ደግሞ አጠባት፤ ሦስተኛም አጠባት። ዐሥራ ሁለቱም ጨርቆች ጠቆሩ፤ ሌላ አንሶላ ቀድዶ ጨመረ። ወገቡን ታምሞ ሦስት ቀን ተኛ። የመጨረሻው ጨርቅ ነጭ ሆኖ ሲመለስ ወደ አማቱ ቤት ስልክ ደወለና ሦስት ጊዜ እንዳጠባት ነገራቸው።

አዛውንቱ «እሺ» ብለው ዘጉት። ለሚስቱም ወደ ማተሚያ ቤቱ ደወለ፤ «ሰማሁ» አለችው። ነርሷን በመንገድ አቁሞ ገብታ እንድታሸት ለመናት፤ ሥራ አለብኝ ብላ አለፈችው። ሊያይለት የመጣ ሰው የለም።